ሞዴስ ለመቀየር ካርድ የምንጠብቅ ሴቶች

ዛሬ የወር አበባዬ ሁለተኛ ቀን ነበር፤ ደሙ የሚበረታበት ቀን። በልብስ ስፌት መስመር ላይ አንዷ ስትነሣ ጨርቁ በእርሷ ማሽን ላይ ይቆለላል፣ ቀጥላ ያለችው ሥራ ትፈታለች። ስለዚህ ወደ መጸዳጃ ቤት የምንሄደው በመውጫ ካርድ ነው፤ ለመስመሩ ሁሉ ያለው ደግሞ አንድ ካርድ ብቻ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ቀን ከ8 ሰዓት አይበልጥም። በእንዲህ ያለው ቀን ግን አንድ ሞዴስ የዚያን ግማሽ እንኳ ላይቆይ ይችላል። ብዙዎቻችን መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ ብለን ውሃ አንጠጣም። እኅቶቼ፣ እባካችሁ ጠጡ! ጥማቱ ራስ ምታትና ድካም ይጨምራል እንጂ ደሙን አይቀንሰውም። ቁርጠቱን የሚያመጣው ማኅፀንን የሚያኮማትር ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። አይቡፕሮፌን የተባለው የሕመም ማስታገሻ የዚህን ንጥረ ነገር መመረት ስለሚቀንስ ሕመሙ ሳይጠና ሲወሰድ የተሻለ ይሠራል፤ ጨጓራን እንዳያውክ ደግሞ ምግብ ተበልቶ ቢወሰድ ይመረጣል (ጨጓራ ያለባት አስቀድማ ሐኪም ትጠይቅ)።

ዛሬ ከጎኔ የምትሰፋው እኅት ፊቴን አይታ፣ ሳልነግራት የእኔን እጅጌዎች ወደ ራሷ ሳበች። «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት። ግን እርሷ ባትኖርስ? ንጽሕናዬ በአንዲት ሴት ደግነት ላይ ለምን ይንጠለጠላል?

ተጨማሪ ካርድ፣ ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያ፣ የማይቋረጥ ውሃና ሳሙና እንፈልጋለን። ነገ በምሳ ሰዓት ጥያቄውን ጽፈን ለሠራተኛ ተወካያችን እንሰጣለን።