ሲንክ የምትለዋን ቁልፍ አምኜ ሦስት ሌሊት አጣሁ

ዲሌይን (ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ ጥቂት ቆይቶ የሚደግመውን) ከዘፈን ቴምፖ ጋር ማስማማት ሲያወሩት ቀላል ነው። 60,000ን ለቢፒኤሙ (በደቂቃ ላሉት ምቶች ብዛት) ስታካፍል የአንድ ምት ርዝመት በሚሊሰከንድ ይወጣል። 120 ላይ 500 ነው፤ የምቱ ግማሽ የሆነው ስምንተኛ 250፣ ከእሱ በግማሽ የሚረዝመው ባለ ነጥቡ ስምንተኛ 375። ማካፈል ከሰለቸህ ዲሌዩን ከፕሮጀክቱ ቴምፖ ጋር ራሷ የምታስማማውን ሲንክን ትጫናለህ። እኔም ተጫንኩ።

ዘፈኑ 6/8 ነበር፤ በአንድ ባር ስድስት ስምንተኞች። በእግሬ የምመታውን ተከትዬ ታፕ ሳደርግ (ቁልፍ እየመታሁ ፍጥነቱን ሳስቆጥር) 80 ወጣ፤ ፕሮጀክቱን 80 አልኩትና የድምፃዊቷ ድምፅ ላይ የስምንተኛ ዲሌይ ጫንኩ። ብቻውን ሲሰማ ያምር ነበር። ድራሙ ሲገባ ግን የሚመለሰው ድምፅ ከሃይሃቱ (ከድራሙ ጥንድ ጸናጽል) ጋር ይጋፋ፣ ዘፈኑም ያነክስ ጀመር።

ጥፋተኛ ፍለጋ ገባሁ። ሃይሃቶቹ ስክሪኑ ላይ ምቶቹን ከሚከፋፍለው ግሪድ መስመር ላይ አለመዋላቸውን አየሁና ድራመሩን ረገምኩ፤ አንድ በአንድ ጎትቼ መስመር ላይ ሳስቀምጣቸው ምቱ ሞተ። መለስኩት። ቀጥሎ ድምፃዊቷን «ትንሽ ትዘገዪያለሽ» ብዬ ጠራኋት። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ሦስቴ ዘፈነችልኝ። በሦስተኛው ሄድፎኗን አውልቃ፣ «እስኪ ዲሌዩን አጥፋውና ስማ» አለችኝ። አጠፋሁት። ሁሉም ቦታው ላይ ነበር፤ የመጀመሪያው ቅጂም ጭምር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እግሬ የሚመታው ባለ ነጥቡን አራተኛ ነበር፤ 750 ሚሊሰከንድ ርዝመት፣ ውስጡ ሦስት ስምንተኞች፣ እያንዳንዳቸው 250። ፕሮግራሙ ግን 80 ስትለው የሚቆጥረው ሁለት ስምንተኞች ብቻ የሚይዘውን ተራውን አራተኛ ነው፤ ስለዚህ የእሱ ስምንተኛ የ750 ግማሽ፣ 375 ሆነ። ድራሙ ለሦስት ሲከፍል ዲሌዩ ለሁለት ይከፍላል። መድኃኒቱ ቴምፖውን 120 ማድረግ ወይም 80 ላይ ትቶ የትሪፕሌት ስምንተኛን (ምቱን ለሦስት የሚከፍለውን) መምረጥ ነው፤ ሁለቱም 250 ይሰጣሉ። የሁለት ደቂቃ ሥራ! የዲሌዩ ፕለጊን መመሪያ ስለ ቁልፉ ቀለም ሳይቀር ሲያወራ ስለዚህ አንዲት መስመር አልጻፈም።

ከዚያ ወዲህ ዲሌይ ስጭን መጀመሪያ ከሜትሮኖም ጋር ብቻውን እሰማዋለሁ። ደግሞ ልክ 250 ላይ ሲውል ሃይሃቱ ሥር ተደብቆ ጠፋብኝ፤ ከግራና ቀኙ በአንዱ ጎን 260 አድርጌ ከሲንክ አወጣሁት። አታድርጉ ይላሉ፤ እኔ አድርጉት እላለሁ።

ለሪቨርብ (ድምፁን ክፍል ውስጥ እንደሚያስተጋባ ለሚያደርገው) ካልኩሌተር አልጠቀምም። ዲኬይ የሚለው ቁጥር ድምፁ በ60 ዴሲቤል እስኪወርድ ያለውን ጊዜ ነው፤ ሙሉ ሚክስ ውስጥ ጭራው ከዚያ በፊት ይዋጣል። የስኔሩ (የድራሙ ሹል ምት) ጭራ ቀጣዩ ስኔር ሳይመጣ እስኪለቅ ድረስ በጆሮዬ አሳጥረዋለሁ። ፕሪ-ዲሌዩ (ሪቨርቡ ከመጀመሩ በፊት ያለው ክፍተት) ብቻ በሒሳብ ሠራልኝ፤ የ120 ስልሳ አራተኛ፣ 31 ሚሊሰከንድ ገደማ።

ድምፃዊቷ አሁንም ወደ ማይኩ ከመጠጋቷ በፊት «ዲሌዩ ጠፍቷል?» ትለኛለች።