የአውቶቡስ ትኬቷ

ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠው ልጅ ጋ ሄጄ «ስካርሌት»ን በሌላ ቀይርልኝ አልኩት። ሳቀ። «ጨረስከው እንዴ?» አዎ፣ በግድ።

መሃሉ ላይ የአንበሳ አውቶቡስ ትኬት አግኝቼ ነበር። ከሷ በፊት ያሉት ገጾች ጫፋቸው ታጥፏል፣ የቡና ጠብታ አለባቸው፣ በእርሳስም ተሰምሮባቸዋል። ከሷ በኋላ ያሉት ግን ጥርት ያሉ ናቸው፣ እጅ የነካቸው አይመስሉም። ከኔ በፊት የነበረው አንባቢ እዚያ ፌርማታ ላይ ወርዷል ማለት ነው። ብልህ ሰው!

«ስካርሌት» የ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ደራሲ ማርጋሬት ሚቸል በ1949 እ.ኤ.አ. ከሞተች ከ42 ዓመት በኋላ፣ በወራሾቿ ፈቃድ ሌላ ደራሲ የጻፈችው የዚያ ልብወለድ ቀጣይ ክፍል ነው። ስካርሌት አየርላንድ ድረስ ትሄዳለች። ስሟ ያው ነው፣ ጠባይዋ ግን የሌላ ሰው ሆነብኝ። ጭራሽ መጨረሻ ላይ ከቀድሞ ባሏ ከሬት በትለር ጋር ታረቁና አረፉት (እኔን ማን አማከረኝ?)።

ገጣሚው ነቢይ መኮንን የመጀመሪያውን መጽሐፍ፣ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን፣ ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው የተረጎመው። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ሲጨርስ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ነገን የሚያውቅ እስረኛ አልነበረም። እኔም የስካርሌትን ነገ ሳላውቅ ብቀር በተሻለኝ።

ትኬቷን ግን አልመለስኳትም፣ ቦርሳዬ ውስጥ ናት።