የከተራ ሌሊትና የካሜራዬ ስክሪን

ጥር 10 ቀን ለአንድ የጉዞ ድርጅት የቀን መቁጠሪያ ፎቶ ላነሳ ጎንደር ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ፀሐዩ ከመበርታቱ የተነሳ በካሜራው ስክሪን ላይ ምንም አልታይ አለኝ። የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁትና ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ከዚያ በኋላ ትዝም አላለኝ።

ሲመሽ ታቦታቱ በመዋኛው መካከል ባለው ሕንፃ አደሩ። ሕዝቡ ጋቢውን ደርቦ በግንቡ ዙሪያ ጧፍ እያበራ ይጸልያል፤ ከበሮውና ጽናጽሉ አያቋርጥም። ፍላሽ አላወጣሁም፤ በሚጸልይ ሰው ፊት ላይ ብርሃን መርጨት ነውር ነው፣ የጧፉንም ብርሃን ይገድለዋል። አንዲት እናት ነፋሱን በመዳፋቸው ከልለው ዳዊት ይደግማሉ። ብርሃኑ በጣቶቻቸው መካከል ሾልኮ ፊታቸው ላይ ያርፋል። ምስሉ እንዳይሻክር ፈርቼ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፤ ሲጨምር ምስሉን ያሻክራል) 1600፣ የሹተሩን ፍጥነት 1/125፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 2.8 ላይ አድርጌ ደጋግሜ አነሳኋቸው። ስክሪኑ ላይ ፊታቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደስ ብሎኝ እስከ ቅዳሴ አነሳሁ።

ጠዋት ሆቴል ገብቼ ላፕቶፑ ላይ ስከፍተው የጧፉ ነበልባል ብቻ ነበር፤ ሌላው ድቅድቅ ጨለማ። ላበራው ብሞክር ጥላው ሐምራዊና አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆነ። ካርዴ እንዳይሞላ ብዬ በጄፔግ (ካሜራው ጨምቆ በሚያስቀምጠው ፋይል) ብቻ ስላነሳሁ የሚተርፍ ነገር አልነበረውም፤ በሮው (RAW፣ ካሜራው የቀዳውን በሚይዘው ጥሬ ፋይል) ቢሆን ኖሮ ከፊሉን አድነው ነበር።

አብረውኝ ያረፉት አንጋፋ ፎቶግራፈር ካሜራውን ተቀብለው ስክሪኑን አበሩት።

«እንዲህ ሆኖ ነው ያደረው?»

«አዎ ጋሼ፤ ቀን ፀሐዩ አላሳይ ብሎኝ ነው።»

«በጨለማ የዓይንህ ብሌን ይሰፋል፣ ልጄ። ይቺ ስክሪን እንደ ፋኖስ ነው የምታበራብህ፤ የጨለመው ሁሉ የበራ ይመስልሃል። ሂስቶግራሙንስ አይተኸዋል?»

አላየሁትም ነበር፤ ሂስቶግራም በፎቶው ውስጥ ጨለማው (በግራ) እና ብርሃኑ (በቀኝ) ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ግራፍ ነው። ከፍተው አሳዩኝ፦ ክምሩ በሙሉ ግራው ግድግዳ ላይ ተጣብቋል፤ በቀኝ ጫፍ የነበልባሉ ቀጭን መስመር ብቻ ቆሟል። የሌሊት ፎቶ ወደ ግራ ማዘንበሉ ያለ ነው። ግድግዳው ላይ ሲቆለል ግን ካሜራው የያዘው ነገር የለም ማለት ነው። ቁጥሮቹን አብረን አሰብናቸው፤ አይኤስኦውን 6400፣ ሹተሩን 1/60 ብል ኖሮ ምስሉ 8 እጥፍ ያህል ይበራ ነበር። ትንሽ የሻከረ ፊት ከጠፋ ፊት ይሻላል፤ ያን ጊዜ ይህን አላመዛዘንኩም።

ድርጅቱ የንጋቱን፣ ወጣቶች ውኃው ውስጥ የሚዘሉበትን ፎቶ ወሰደ። የእኚያ እናት ፎቶ ግን ዛሬም ይቆጨኛል።

በዓመቱ ተመልሼ ሄድኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አደረግሁና ሂስቶግራሙ ከምስሉ ጋር እንዲታይ አስተካከልኩ። የመጀመሪያው የጧፍ ፎቶ ሂስቶግራሙ ላይ ከግድግዳው ለቆ ነበር፤ ለዓይኔ ግን ከልክ በላይ የበራ መሰለኝ። ጣቴ ሊቀንሰው ሄደ፤ መለስኩትና ቀጣዩን አነሳሁ።