ስቶር ውስጥ የፈነዳው ቢራ

አዳማ ውስጥ የአንድ አነስተኛ ሆቴል ስቶር ኪፐር ነኝ። ቢራ መጥመቅ የጀመርኩት እዚሁ ሥራ ቦታ ነው። እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራ ባልደረባችን ግንቦት መጨረሻ ልታገባ ነበር፤ ከሠራተኛው በእጃችን የተጠመቀ ነገር እናቅርብላት ተባባልን። ጠላውን እትዬ ያዙት። እትዬ የምንላቸው የወጥ ቤት ኃላፊያችንን ነው፣ ጠላቸው በሰፈሩ የታወቀ ነው። ቢራውን እኔ ልሞክር አልኩ።

ውጭ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ የቢራ እርሾ በትንሽ በትንሽ ከረጢት፣ 100 ግራም ሆፕ፣ ሃይድሮሜትር (ፈሳሹ ውስጥ ያለውን ስኳር መለኪያ)፣ የቆርኪ መግጠሚያና 200 አዲስ ቆርኪ በሻንጣው ይዞልኝ ነበር። ሆፕ ጌሾ አይደለም፣ ሌላ ተክል ነው፤ ምሬት መስጠቱ ግን ያመሳስላቸዋል። ብቅሉ አላስቸገረኝም። የአሰላው ብቅል ፋብሪካ ከኛ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፣ እኔ ግን እዚሁ እህል ተራ ለጠላ የሚሸጠውን ገብስ ብቅል 5 ኪሎ ገዝቼ በደንብ ሳይልም አስፈጨሁት። ከ65 እስከ 67 ዲግሪ በሚሆን ውሃ አንድ ሰዓት ዘፈዘፍኩት፣ አጠለልኩት፣ ከሆፑ ጋር አንድ ሰዓት አፈላሁት። እትዬ ባልዲውን ራሳቸው በግራዋ ፈትገው አጠቡልኝ፤ በፈላ ውሃ አለቅልቄ፣ ፈሳሹን አቀዝቅዤ እርሾውን ጨመርኩ። 20 ሊትር ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ይንተከተክ ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ጣጣው የመጣው ከጠርሙስ ነው።

20 ሊትር 60 ትንሽ የቢራ ጠርሙስ ይፈልጋል። ሆቴሉ ውስጥ ባዶ ጠርሙስ ሞልቷል፣ ግን መያዣ ተከፍሎበት፣ 24 24 በሳጥን ተቆጥሮ የሚመለስ ስለሆነ አልነካሁትም። ከቤትና ከጎረቤት 30 አገኘሁ። የቀረውን ከባር በሚጣሉ የወይንና የኡዞ ጠርሙሶች ሞላሁት፣ 13 ነበሩ። ጠርሙስ ጠርሙስ ነው ብዬ ነው። የወይኑን በቡሽ ደፍኜ በሽቦ አሰርኩት፣ የኡዞውን በራሱ ክዳን ጠረቀምኩት።

ሌላም ጥፋት አለ። ጠርሙስ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቆየት ስላለበትና ሠርጉም ሁለት ሳምንት ብቻ ስለቀረው፣ በስድስተኛው ቀን አረፋው ጋብ ሲል አለቀ ብዬ ወሰንኩ። ሃይድሮሜትሩ 1.020 ይላል፤ እርሾው ስኳሩን በበላ ቁጥር ይሄ ቁጥር ይወርዳል። በማግስቱ ደግሜ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም። ጋዝ እንዲይዝ ደግሞ ለትንሹ ጠርሙስ አንድ፣ ለትልቁ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨመርኩ፣ ያውም ቁልል እያደረግኩ። ከዚያ ሁሉንም ስቶር ጥግ ደረደርኩት። ስቶሩ ቆርቆሮ ነው። የግንቦት አዳማን የሚያውቅ ሰው ቀን ቀን ውስጡ ምን እንደሚመስል ያውቃል።

በአራተኛው ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ የፅዳት ሠራተኛችን ሳሙና ልትወስድ መጣች። ስልክ ላይ ስለነበርኩ ሁለት ደቂቃ ጠብቂኝ አልኳት። በሩ ጋ ቆመች። ስልኩን ሳልዘጋ አንድ ነገር ጓ አለ። ጥበቃው ከአጠገባችን ካለው ጋራዥ ጎማ የፈነዳ መስሎት ወደዚያ ሮጠ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ተከታተለ፣ አረፋው በበሩ ስር ወጥቶ የልጅቷን ጫማ ነካው።

ያኔ ነው የገባኝ። ወዲያው ቁልፉን ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ ውስጥ ነበረች።

ማንም እንዳይገባ አድርገን እስኪመሽና እስኪበርድ ጠበቅን። ከጋራዡ የብየዳ ፊት መከላከያ ተውሼ፣ ወፍራም ጃኬትና ጓንት አድርጌ ገባሁ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ አለበስኩበት። የቀሩትን በብርድ ልብሱ ስር አንድ በአንድ ስከፍት አረፋው ክንዴን በሙሉ አጠበው። በርቀት ካለው መደርደሪያ ላይ የዱቄት ከረጢት ሆድ ውስጥ የጣት ጥፍር የምታክል አረንጓዴ ስባሪ ተሰክታ አገኘሁ። ሁለት 50 50 ኪሎ ዱቄት ተጣለ። ከደሞዜ ከፈልኩ።

ሥራ አስኪያጃችን ጋሼ አልጮኹብኝም። መዝገቡን ገልጠው፣ «እዚህ ቤት የገባ ሁሉ እዚህ ይሰፍራል፣ ይሄ የታለ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አንድ ኪሎ ጨው ሲገባ የምጽፍ ሰው፣ 43 ጠርሙስ የሚብላላ ነገር አስገብቼ ለማንም አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

እትዬ ደግሞ፣ «ልጄ፣ የሚብላላ ነገር አፉን ካፈንከው መውጫ ይፈልጋል» አሉ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ልክ ነበሩ። ያ ብቅል መውረድ ያለበት እስከ 1.012 ነው። 1.020 ላይ ስዘጋው ውስጡ የቀረው ስኳር ብቻውን ጋዝ ለመያዝ ከሚያስፈልገው ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። እኔ በዚያ ላይ ጨመርኩበት። የሚበቃው በሊትር 6 ግራም ያህል ነው፣ ለትንሹ ጠርሙስ 2 ግራም ማለት ነው፣ ማንኪያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። የወይንና የኡዞ ጠርሙስ ደግሞ ጋዝ እንዲችል ተብሎ አልተሠራም። የቢራ ጠርሙስ ይችላል፣ የአምቦ ውሃም ይችላል፣ ጋዝ ይዘው የሚሸጡ ናቸውና። ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ ከብቅሉ በፊት ጠርሙሳችሁን ፈልጉ።

ለሠርጉ የእትዬ ጠላ ብቻ ቀረበ። ሁለተኛውን የጠመቅኩት ሰኔ ላይ ነው። ጠርሙሱን ከቆራሌ ገዛሁ፣ ሁሉም የቢራ። እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ አንስቼ ስንጥቅ አየሁበት፣ ከንፈሩን በጣቴ ዞርኩት፣ የተሸረፈውን መለስኩ። ሃይድሮሜትሩ 1.012 ካለ በኋላ ሦስት ቀን ጠብቄ ደግሜ አየሁ፣ ያው 1.012 ነበር። 120 ግራም ስኳር በሚዛን ለክቼ በጥቂት ውሃ አፍልቼ ከሃያው ሊትር ጋር አንድ ላይ ቀላቀልኩት፣ በየጠርሙሱ መጨመር ቀረ። አንድ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስም አብሬ ሞላሁ። በየቀኑ ጨበጥ አደርገዋለሁ፤ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር መስታወቶቹም ጋዝ ይዘዋል ማለት ነው፣ ያኔ ፍሪጅ ይገባሉ።

የተቀመጡት ክዳን ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ ነው፣ ከዱቄቱ ርቀው፣ ጀርባ ባለው ቀዝቃዛ ክፍል። በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። መዝገቡ ላይም «በእጅ የተጠመቀ ቢራ፣ 56 ጠርሙስ፣ የታሸገበት ቀን» ብዬ ጻፍኩ፣ ጋሼ ፈረሙበት። የመጀመሪያውን የከፈትነው ከሥራ ሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ጽስ አለ፣ አረፋው አንገቱ ጋ ቆመ። የፅዳት ሠራተኛዋ ብርጭቆዋን ዘረጋች። እትዬ ቀምሰው ትንሽ ዝም አሉና፣ «ብቅሉ ይሰማል» አሉ።