አቤልን «ስሎው» ውስጥ ከትቼው ነበር

በ2004 ዓ.ም. ሥራዬ ዘፈን መጫን ነበር። ሰው ሚሞሪውን ወይም ፍላሹን ይዞ ይመጣል። የሚፈልገውን ይነግረኛል፣ እኔም ከኮምፒውተሩ እየመረጥኩ እገለብጥለታለሁ። የቅጂ መብት የሚባለውን ነገር አታንሱብኝ፣ ያኔ እኔም አላነሳሁትም። ፎልደሮቹን የሰየምኳቸው ራሴ ነኝ። «የሰርግ»፣ «ትዝታ»፣ «ጉራጊኛ»፣ «ሬጌ»፣ «ስሎው»። እንግሊዝኛ ሆኖ ቀስ የሚል ነገር ሁሉ «ስሎው» ውስጥ ይገባል። ብዙ አልጨነቅም ነበር።

አንድ ቀን ከውጭ ለእረፍት የመጣ ልጅ የአማርኛ ዘፈን ሊያስጭን ፍላሹን ሰጠኝ። እኔ ደግሞ እሱ ይዞት የመጣውን ቀዳሁ። በእኛ ሥራ እንዲህ ነው፣ ደንበኛው ሳያውቀው ያበላሃል። ሦስት አልበም አገኘሁ። የዘፋኙ ስም «ዘ ዊክንድ» ይላል። ባንድ መሰለኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሳየው አንድ «ኢ» ጎድሎታል። ጽሑፍ የተሳሳተ ነገር አልወድም፣ ስለዚህ የጎደለችውን ፊደል ጨምሬ አረምኩለት።

ከዓመታት በኋላ እንደተረዳሁት፣ ዘፋኙ ያቺን ፊደል ሆን ብሎ ነው የጣላት። ስሙን አስተካክሎ የሚጽፍ ሌላ ባንድ እሱ ባለበት ካናዳ ውስጥ ስለነበረ። እኔ ታዲያ በማረሚያዬ ሙሉ ሥራውን ወስጄ ለሌሎቹ ሰጥቻቸው ነበር።

የመጀመሪያው አልበም ሽፋን ላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ያለች ሴት፣ ፊኛዎችም አሉ። የዘፋኙ ፊት የለም። ዘፈኖቹ ጨለማ ናቸው፣ ድምፁ ግን ቀጭንና ለስላሳ። ሱቁ ሲዘጋ፣ ሒሳብ ስሠራ እከፍተው ነበር። ለደንበኛ ግን አልጭንም፣ ማንም አይጠይቅማ።

በ2005 ዓ.ም. አንድ ጎረምሳ መጣና «የአቤልን ጫንልኝ» አለኝ።

«የቱን አቤል?»

«አቤል ተስፋዬን ነዋ።»

ፈለግኩ፣ የለም። አዲስ አልበም ያመለጠኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። ልጁ ከእጄ ማውዙን ተቀበለኝና ፎልደሮቹን ገለባበጠ። «ይሄው! አለህ እኮ» አለኝ፣ «ዘ ዊክንድ»ን እያሳየኝ። «ስሎው» ውስጥ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፣ «ሐበሻ መሆኑን አታውቅም?» በሚል ዓይን።

አላውቅም ነበር። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ዛሬ ስለ እሱ ሲወራ ሁሉም ሰው «እኔ ገና ድምፁን ስሰማ የኛ ልጅ መሆኑን ለይቼዋለሁ» ይላል። እኔ በጆሮዬ እንጀራ የምበላ ሰው ነበርኩ። ቀን ሙሉ «ትዝታ» የሚል ፎልደር እየከፈትኩ የምዘጋ። ግን አልለየሁትም። ከተነገረኝ በኋላ ደግሜ ስሰማው የመስመሩን ጫፍ እያንቀጠቀጠ የሚያወርድበት ቦታ ሁሉ ታወቀኝ። እናቱ ቤት ውስጥ አስቴር አወቀን እየሰማ ማደጉን ራሱ ተናግሯል፣ ስለዚህ ነገሩ ፈጠራ አይደለም። ነገር ግን ሳይነገረኝ ዓመት ሙሉ ሰምቼው ምንም አልመሰለኝም። እናንተ ለይታችሁት ከሆነ ጎበዞች ናችሁ።

የአቤል ታሪክ የሚገርመኝ ከዝናው በፊት ያለው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 16 ቀን 1990 ቶሮንቶ ተወለደ፣ እዚያው ስካርቦሮ በሚባል ሰፈር አደገ። አባቱ አብሯቸው አልኖረም። እናቱ ሥራ ላይ ስለምትውል በብዛት የያዘችው አያቱ ናት። አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። ቤተ ክርስቲያንም የምትወስደው እሷ ነበረች። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ትምህርቱን አቋረጠ። ፍራሹን ከቤት አውጥቶ ከጓደኛው ጋር ሄደ። እዚህ ላይ እኔ ሁልጊዜ የማስበው ስለ እሱ አይደለም፣ ስለ እናቱ ነው። አገር ጥላ ተሰዳ፣ ቀን ከሌት ሠርታ ያሳደገችው ልጅ ፍራሽ ተሸክሞ ሲወጣ ማየት! የእኔ እናት ብትሆን ኖሮ ፍራሹ ላይ ትተኛበት ነበር።

ፓርክዴል የሚባል ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራየ። የመጀመሪያው አልበም፣ «ሃውስ ኦፍ ባሉንስ» (የፊኛዎች ቤት)፣ ስሙን ያገኘው ከዚያ ቤት ነው። ቀን ቀን አንድ የልብስ መደብር ተቀጥሮ ይሠራል። በ2010 መጨረሻ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ጥቂት ዘፈኖች ዩቲዩብ ላይ ወጡ። ስሙም ፊቱም ሳይታወቅ። የዚያው ከተማ ራፐር ድሬክና ሰዎቹ አነሱትና ዘፈኖቹ ከተማውን አዳረሱ። ታዲያ ልብስ መደብሩ ውስጥ የሥራ ባልደረቦቹ የእሱን ዘፈን ከፍተው ይሰሙ ነበር። ዘፋኙ አጠገባቸው ልብስ እያጠፈ ነው፣ አላወቁም። ይህችን ታሪክ ስሰማ በጣም ተጽናናሁ። አጠገቡ ቆመው ካላወቁት፣ በፍላሽ ያገኘሁት እኔ እንዴት ልወቀስ?

በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በ2011፣ ሦስት አልበም በነፃ ለቀቀ። መጋቢት፣ ነሐሴ፣ ታኅሣሥ። ለጋዜጠኛ አይናገርም። እስከ 2013 ድረስ ቃለ መጠይቅ የሚባል ነገር አልሰጠም ማለት ይቻላል። ሰው ይህን «ብልህ ማስታወቂያ» ይለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግማሹ ብልሃት ነው፣ ግማሹ ግን ዓይን አፋርነት ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሆኖት በሐምሌ 2011 የመጀመሪያ ኮንሰርቱን አሳየ።  ፊቱን የደበቀ ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ጉልበቱ የሚንቀጠቀጠውን አስቡት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ2015 ሁለት ዘፈኖቹ ተከታትለው የአሜሪካን ሰንጠረዥ መሩ፣ ራሱን በራሱ ከአንደኝነት አውርዶ። ሁለተኛዋ ዘፈን ልታልቅ ስትል የሴት ድምፅ በአማርኛ የፍቅር ቃል ታወርዳለች። ያን ጊዜ ሱቁ ውስጥ ስንት ሰው እንደጮኸ! በ2021 ሱፐር ቦውል በሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ ላይ ሲዘፍን ከራሱ ኪስ ሰባት ሚሊዮን ዶላር ጨመረ ተባለ። እኔን ደስ ያለኝ ግን በ2016 ያደረጋት ናት፦ ሃይስኩል ሳይጨርስ የወጣው ልጅ ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት ሃምሳ ሺህ ዶላር ሰጠ። አያቱን አሰብኳት።

በመስከረም 2022 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስታዲየም ሞልቶ፣ ጥቂት ዘፈኖች ዘፍኖ ድምፁ ጠፋበት። ወጥቶ ይቅርታ ጠይቆ ኮንሰርቱን አቋረጠ። ቪዲዮውን ሳየው ያ ለስላሳ ድምፅ ከሱቁ ጨለማ ውስጥ ይሰማኝ እንደነበረው አልነበረም። የሠርግ ዘፋኞች ወዳጆች አሉኝ፣ ጥር ሲያልቅ እንዴት እንደሚሻክሩ አውቃለሁ።

እኔ የዘፈን መጫን ሥራውን ከተውኩ ቆየሁ። ኢንተርኔቱ ነው የተካኝ። ሦስቱ አልበሞች ያሉባትን ሚሞሪ ግን አልጣልኳትም። ባለፈው የእህቴ ልጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እሷን ከፍቼ ስሰማ መጣች። ትንሽ አዳመጠችና ፊቷን አኮሳተረች።

«አጎቴ፣ ይሄ ዘፈን ተበላሽቷል። ከኋላው ሌላ ዘፈን ገብቶበታል።»

አልተበላሸም። በነፃ ሲለቀቅ የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የአሊያ ዘፈን ቁራጭ ከሥሩ ገብቶበት ነበር፣ ያለ ፈቃድ። በ2012 ሦስቱ አልበሞች ተጠቃለው ለሽያጭ ሲወጡ ያ ቁራጭ ወጣ። እሷ የምታውቀው የሚሸጠውን ነው። አሥረኛ ዓመቱ ላይ፣ በ2021፣ የመጀመሪያውን እንዳለ መልሰው እንደለቀቁት ነገርኳት። በስልኳ ፈልጋ አገኘችው። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍታ ሰማች።

«ያንተው ይሻላል» አለች። ከዚያ ስክሪኑን ጠጋ ብላ አየችና ሳቀች።

«ስሙን ግን ተሳስተህ ነው የጻፍከው።»