የታደሱ የኋላ ካሊፐሮችን አየር እንዴት እንዳስወጣሁ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የምነዳት አሮጌ ፊያት 124 ስፓይደር አራቱም እግሮቿ ዲስክ ፍሬን ናቸው፤ ሞዴሉ በ1966 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲታይም እንዲሁ ነበር። የኋላ ካሊፐሮቿ፣ ማለትም የፍሬን ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫኑት ክፍሎች፣ ዘይት ማንጠብጠብ ስለ ጀመሩ ፈትቼ ጎሚኒዎቻቸውን ለወጥሁ። እድሳቱ ብዙ የሚያጽፍ አይደለም፦ ፒስተኑንና ቤቱን በአልኮል ማጠብ፣ አዲሱን ጎሚኒ በፍሬን ዘይት አርሶ ማስገባት፣ ቤንዚንና የሞተር ዘይት ጎሚኒ ስለሚያሳብጡ ከሥራው ማራቅ ነው። ትዕግሥት የሚጠይቀው ሲፈታ ወደ ዘይቱ መስመር የገባውን አየር ማስወጣቱ ሲሆን፣ በእኔ እምነት ይህን የሚወስነው ከረጋጩ ጉልበት ይልቅ የዕቃዎቹ አቀማመጥ ነው።

አየር ከዘይት ስለሚቀል ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሸሻል። የግራው ካሊፐር በቀኝ ከተገጠመ የአየር ማስወጫው ብሎን ከታች ይውላል፤ ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ፔዳል ቢረገጥ ንጹሕ ዘይት ይፈስሳል እንጂ አየሩ ከላይ ተቀምጦ ይቀራል። በዚህች መኪና ደግሞ የእጅ ፍሬኑ መሣሪያ እዚያው ካሊፐሩ ውስጥ ስላለ ፒስተኑ ወደ ውስጥ የሚመለሰው በመግፋት ሳይሆን በማዞር ነው፤ ፊቱ ላይ ያለውን ምልክትም ወደ ማስወጫው ብሎን አዙሬ አቆምሁት።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የግፊት መቆጣጠሪያው ነው። ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ ሲሆን፣ የመኪናዋ ኋላ ሲቀል ወደ ኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል። አካሏ በክሪክ ተነሥቶ አክስሉ ከተንጠለጠለ መቆጣጠሪያው የዘይቱን መንገድ ያጠብባል። ስለዚህ ድጋፎቹን ከአክስሉ ሥር አስገብቼ ክብደቷ በስፕሪንጎቹ ላይ እንዲያርፍ አደረግሁ።

መሪዋ በግራ ስለሆነ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ማስተር ሲሊንደር ይበልጥ የሚርቀው የቀኙ የኋላ እግር ነው፤ ከእርሱ ጀመርሁ። የእህቴ ልጅ ፔዳሉ ላይ ተቀመጠ፤ ከፔዳሉ ሥር አነስተኛ እንጨት አኖርሁ፤ አሮጌ ማስተር ሲሊንደር ጎሚኒው ወዳልለመደው ዝገት ሲወርድ ሊቀደድ ይችላልና። «ርገጥ፣ ያዝ» ስለው ብሎኑን እከፍታለሁ፤ «ወረደ፣ ጋሼ» ሲለኝ እዘጋለሁ፤ እግሩን የሚያነሣው «ልቀቅ» ካልሁት በኋላ ብቻ ነው። ከብሎኑ የወጣው ግልጽ ቱቦ ጫፉ ዘይት ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ተነክሮ ነበር። አረፋው ሲቀንስ ካሊፐሩን በእንጨት እጀታ ቀስ ብዬ ስመታው የተጣበቁት ጥቃቅን አረፋዎች ተከትለው ወጡ።

በመጨረሻም ፔዳሉ ዝቅ ብሎ ነበር የሚይዘው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል፦ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚለጠጥ ከሆነ አየር አለ፤ ዝቅ ብሎ ግን ጠጥሮ የሚቆም ከሆነ በሸራውና በዲስኩ መካከል ክፍተት አለ ማለት ነው። የእኔው ሁለተኛው ስለነበር የእጅ ፍሬኑን ገመድ እንደ ላላ ትቼ ፔዳሉን ደጋግሜ በማስረገጥ የውስጡ ማስተካከያ ክፍተቱን እንዲሞላ አደረግሁ፤ ገመዱን ያጠበቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ዘይቱ ካልተከፈተ ቆርቆሮ የወጣ፣ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው። የዚህ ዓይነቱ ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ደረጃው የሚያስገድደው ዝቅተኛ መፍያ ነጥብ 155 ብቻ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ዘይቱ ከፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ይታመቃልና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ከተማ ውስጥ በዝግታ ከሞከርኋት በኋላ ያን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ወረድሁ። ደብረ ሲና ስደርስ ብሎኖቹ ደረቅ ነበሩ፤ እጄን ሳላስነካ ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ሳስጠጋ ሙቀታቸው ተቀራራቢ ነበር። አንዱ ብቻ ግሎ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ የምፈትሸው የዚያን ወገን የእጅ ፍሬን ገመድ፣ ቀጥሎም ፒስተኑን ነበር።