የቤት ብድር ወለድ ቅናሽ ቀስ በቀስ ይቅር የምልበት ምክንያት

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል የቤት ግዢ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳ አንድ ምክር አለ። ኪራይ የባከነ ገንዘብ ነው፣ ቤት ከገዛህ ግን ለባንክ የምትከፍለውን ወለድ መንግሥት በታክስ ጊዜ ይመልስልሃል ይባላል። ምክሩን የሚሰጡት ዘመዶች፣ ወዳጆችና ሪልተሮች በቅን ልቦና እንደሚናገሩ አልጠራጠርም፤ ከ2017 በፊት ቤት ከገዙት መካከልም ጥቅሙን በእጃቸው ያዩ ብዙዎች ናቸው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ ግን ይህ ምክር ለአብዛኛው የቤት ባለቤት እውነት አይደለም፤ ቅናሹ፣ ማለትም የቤት ብድር ወለድ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ እንዲቀነስ የሚፈቅደው ሕግ፣ ይቅር ወይስ ይቆይ የሚለው የዋሽንግተን ክርክርም እኛን የሚነካው ብዙዎቻችን በምናስበው መንገድ አይደለም። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ የቤት ብድር እየከፈልኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ይሁን እንጂ ቅናሹ ቀስ በቀስ መቅረት አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። ማንኛውም ግብር ከፋይ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ሕጉ ለሁሉም የፈቀደውን መደበኛ ተቀናሽ፣ ማለትም ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚባለውን ይወስዳል፣ ወይም የቤት ብድር ወለዱን፣ ለግዛቱ የከፈለውን የገቢና የንብረት ግብር፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ የሰጠውን ገንዘብ ደምሮ በዝርዝር ያቀርባል። ሁለቱን በአንድ ላይ መውሰድ አይቻልም። ለ2025 የግብር ዓመት አብረው ለሚያስታውቁ ባልና ሚስት መደበኛው ተቀናሽ 31,500 ዶላር ነው። እንግዲህ 400,000 ዶላር በ6.5 በመቶ ወለድ የተበደሩና በዓመት ወደ 120,000 ዶላር የሚያገኙ ባልና ሚስትን እናስብ። በመጀመሪያው ዓመት የሚከፍሉት ወለድ ወደ 26,000 ዶላር ይጠጋል፤ የግዛትና የንብረት ግብራቸው 13,000 ዶላር ቢሆን ድምሩ 39,000 ይሆናል። ከመደበኛው ተቀናሽ የሚበልጠው በ7,500 ዶላር ብቻ ነው፤ የግብር እርከናቸው፣ ማለትም ከመጨረሻዋ የገቢያቸው ዶላር ላይ የሚከፍሉት ግብር፣ 12 በመቶ ስለሆነ በትክክል የሚቀርላቸው ግብር 900 ዶላር ነው። 26,000 ዶላር ወለድ የከፈለ ቤተሰብ የሚያተርፈው 900 ዶላር መሆኑን ቤቱን ከመግዛቱ በፊት የነገረው ሰው ግን አይኖርም። ወለድ በረከሰበት በ2020 ወይም በ2021 ብድሩን በ3 በመቶ ያደሰና 300,000 ዶላር ዕዳ የቀረበት ሰው ደግሞ በዓመት 9,000 ዶላር ያህል ወለድ ስለሚከፍል ከዚህ ቅናሽ ብዙውን ጊዜ አንድ ዶላር እንኳ አያገኝም።

አሁን በሌላኛው ጫፍ ያሉትን እንመልከት። በዓመት 450,000 ዶላር የሚያገኙና በተመሳሳይ ወለድ 750,000 ዶላር የተበደሩ ባልና ሚስት በመጀመሪያው ዓመት ወደ 48,500 ዶላር ወለድ ይከፍላሉ። ለግዛታቸው የሚከፍሉት ግብር ብቻውን ከመደበኛው ተቀናሽ በላይ ሊሆን ስለሚችል ወለዱ ከመጀመሪያው ዶላር አንስቶ ይቀነስላቸዋል፤ እርከናቸውም ቢያንስ 24 በመቶ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓመት ከ11,000 ዶላር በላይ ግብር ይቀርላቸዋል። ቅናሹ የፌዴራል መንግሥቱን ከሚያሳጣው ገንዘብ፣ ማለትም በዓመት ከ25 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሚሆነው ገቢ ውስጥ፣ ከግማሽ በላዩ ከ200,000 ዶላር በላይ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ የማንም ስውር ተንኮል ውጤት አይደለም፤ ቅናሹ የተሠራው ብዙ የሚያገኝና ብዙ የሚበደር ሰው ብዙ እንዲያገኝ ሆኖ ነው። ሕጉ ለሁለተኛ ቤትም ይፈቅዳል፤ መኝታ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ያለው ጀልባ እንኳ እንደ ቤት ይቆጠራል።

ብዙ ሰው ቅናሹ ሕዝቡን የቤት ባለቤት ለማድረግ ታስቦ የወጣ ይመስለዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በ1913 የገቢ ግብር ሲጀመር ሕጉ ማንኛውም ወለድ እንዲቀነስ ፈቀደ፤ ያኔ የገቢ ግብር የሚከፍለው ጥቂት ሀብታም ሲሆን የንግድ ወለድን ከግል ወለድ መለየትም አስቸጋሪ ነበር። የቤት ብድር በዚያ ሰፊ ፈቃድ ውስጥ አብሮ ገባ። በ1986 ሮናልድ ሬገን የፈረሙት ታላቅ የግብር ማሻሻያ የመኪናና የክሬዲት ካርድ ወለድ ቅናሽን ሲያስቀር የቤቱን ግን አቆየው፤ ሬገን ከሁለት ዓመት በፊት በሪልተሮች ጉባኤ ላይ ይህን ቅናሽ እንደሚጠብቁ ቃል ገብተው ነበር። በአጋጣሚ የገባ አንቀጽ የአሜሪካ ሕልም አካል ተደርጎ መቆጠር የጀመረው እንዲህ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተሞከረው ሁሉ የመከነበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። በ2005 ጆርጅ ቡሽ የሰየሙት የግብር ማሻሻያ ኮሚቴ ተቀናሹ ቀርቶ በምትኩ ለሁሉም እኩል 15 በመቶ የሚያስገኝ የግብር ክሬዲት፣ ማለትም ከሚከፈለው ግብር ላይ በቀጥታ የሚቀነስ ገንዘብ፣ እንዲተካ ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡ ወደ ኮንግረስ እንኳ በሕግ ረቂቅ መልክ አልደረሰም። በ2010 በባራክ ኦባማ የተሰየመው የሲምፕሰንና የቦውልስ ኮሚሽን 12 በመቶ ክሬዲት እንዲሆንና ከ500,000 ዶላር በላይ ያለ ብድር እንዳይታሰብ መከረ፤ እሱም ተቀምጦ ቀረ። አንዱን የሾመው ሪፐብሊካን፣ ሌላውን የሾመው ዴሞክራት መሆኑን ልብ በሉ። የሁለቱም ባለሙያዎች ድምዳሜ ተቀራራቢ ነበር፤ የሁለቱም ወገን ፖለቲከኞች ደግሞ አልደፈሩትም።

በ2017 በዶናልድ ትራምፕ ዘመን የወጣው ሕግ ያደረገው ነገር ግን ማንም በግልጽ ሳይከራከርበት የቅናሹን ልብ የነካ ነበር። በዋናው ክርክር የተወካዮች ምክር ቤት የብድሩ ጣሪያ ከአንድ ሚሊዮን ወደ 500,000 ዶላር እንዲወርድ ፈልጎ፣ ሴኔቱ አንድ ሚሊዮኑ ይቆይ ብሎ፣ በ750,000 ተስማሙ። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን መደበኛው ተቀናሽ ወደ እጥፍ መጠጋቱና የግዛት ግብር ተቀናሽ በ10,000 ዶላር መገደቡ ነው። ወጪያቸውን በዝርዝር የሚያቀርቡ ግብር ከፋዮች ከ100 ሠላሳ ያህል የነበሩት ወደ አሥር ወረዱ። ብሔራዊው የሪልተሮች ማኅበርና የቤት ገንቢዎች ማኅበር ሕጉን ሲቃወሙ የቤት ዋጋ ይወድቃል ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ዋጋው በ2018ም በ2019ም መጨመሩን ቀጠለ። በሐምሌ 2025 የተፈረመው ሕግ ደግሞ የ750,000 ዶላሩን ጣሪያ ቋሚ አደረገው፤ የግዛት ግብር ገደቡን ወደ 40,000 ዶላር በማሳደጉም ወጪን በዝርዝር ማቅረብ ለባለ ከፍተኛ ገቢ እንደገና አዋጪ ሆነ።

የሚሊዮኖችን ቅናሽ በዝምታ ያስቀረው ያ የ2017 ሕግ ለእኔ ትልቅ ማስረጃ ነው። ቅናሹ ለሕልውናቸው አስፈላጊ ነው የተባሉት ሰዎች አጡት፤ የቤት ባለቤት መሆናቸውን ግን አልተዉም። ሌሎች አገሮችም ይህንኑ ያሳያሉ። ካናዳና አውስትራሊያ ለሚኖሩበት ቤት ወለድ ምንም ዓይነት ተቀናሽ አይሰጡም፤ የቤት ባለቤቶቻቸው ድርሻ ግን እንደ አሜሪካ ሁሉ ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ነው። ፊንላንድ በየዓመቱ እየቀነሰች ሄዳ በ2023 ሙሉ በሙሉ አቆመችው። ጆናታን ግሩበር፣ አማሊ ጄንሰንና ሄንሪክ ክሌቨን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በዴንማርክ የ1980ዎቹን ማሻሻያ ተከትለው ባጠኑት ጥናት፣ ቅናሹ ሰዎች ሰፋ ያለ ቤት እንዲገዙና የበለጠ እንዲበደሩ ሲያደርግ ከተከራይነት ወደ ባለቤትነት ግን እንደማያሸጋግር አረጋግጠዋል። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም፤ ቤት መግዛት ያልቻለ ሰው የሚያቅተው ቅድሚያ ክፍያው ነው፣ ቅናሹ ደግሞ የሚመጣው ቤቱ ከተገዛ በኋላ ነው።

በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ያለውን ሳስብ ይህ ነገር ይበልጥ ያሳዝነኛል። በእቁብና በሁለት ሥራ ለዓመታት አጠራቅሞ ትልቅ ቅድሚያ ክፍያ የከፈለ ሰው ትንሽ ስለሚበደር የሚያገኘው ተቀናሽ ትንሽ ነው፤ ምናልባትም ምንም አያገኝም። በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድ የሚሸሸውና ገንዘቡ እስኪሞላ የሚጠብቀው ምንም የለውም። ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ልጆቹን እያሳደገ ኪራይ የሚከፍለውም እንዲሁ። በአንጻሩ አምስት በመቶ ብቻ ከፍሎ በአቅሙ ጫፍ ላይ የተበደረ ባለ ከፍተኛ ደመወዝ ሰው ከሁላቸውም ይበልጥ ያገኛል። ቁጠባን የሚያበረታታ መንግሥት እንዲህ ያለ ሕግ ሊኖረው አይገባም። ቤት በማይበቃበት አካባቢ ደግሞ ገዢዎች የግብር ቅናሹን በዋጋው ውስጥ አስበው ስለሚወዳደሩ ጥቅሙ በከፊል ለሻጩ ይሄዳል፤ አዲሱ ገዢ ያልደረሰውን ድጎማ በዋጋው ይከፍላል ማለት ነው።

ከተቃዋሚዎቹ መከራከሪያዎች መካከል በቁም ነገር ልመልሰው የሚገባኝ አለ። ቤት ገዝቶ የሚያከራይ ባለሀብት ወለዱን እንደ ንግድ ወጪ ይቀንሳል፤ እዚያው ቤት ውስጥ የሚኖረው ባለቤት ለምን ይከለከላል ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አከራዩ ከኪራዩ ገቢ ላይ ግብር ይከፍላል፤ የራሱ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ግን ቤቱን ለሌላ ቢያከራየው ሊያገኝ በሚችለው ኪራይ ልክ የገቢ ግብር አይከፍልም፣ ሲሸጠውም እስከ 250,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት ከሆኑ እስከ 500,000 ዶላር የሚደርስ ትርፍ ከግብር ነፃ ነው። ሁለቱን ጥቅሞች ይዞ ሦስተኛውን መጨመር ሚዛኑን ያዛባል። ባለሀብቱ በዝቷል የሚል ስጋት ካለም እንግሊዝ ከ2017 እስከ 2020 እንዳደረገችው የአከራዮችን የወለድ ተቀናሽ መገደብ ይቻላል።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ቅናሹን አምነው የፈረሙት ሰዎች ጉዳይ ነው። በ2023 በ7 በመቶ ወለድ የተበደረ ቤተሰብ ወርኃዊ ክፍያውን ያሰላው ሕጉን አይቶ ነው፤ በአንድ ጊዜ ቢነጠቅ በደል ይሆንበታል። ስለዚህ እንግሊዝን እጠቅሳለሁ። እዚያ የነበረው ቅናሽ በ30,000 ፓውንድ ብድር የተገደበ ነበር፤ ጣሪያው ዋጋ ሲንር ሳይነሳ ቆየ፣ መጠኑም በ1990ዎቹ ከ25 ወደ 20፣ ከዚያ ወደ 15፣ ወደ 10 በመቶ ወረደ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጎርደን ብራውን በሚያዝያ 2000 ጨርሶ ሲያስቀሩት ሊነጠቅ የቀረው ትንሽ ስለነበር አገሩ አልተናወጠም። የወግ አጥባቂው ፓርቲ ጀምሮት ተቀናቃኙ የሌበር ፓርቲ የጨረሰው መሆኑም ትምህርት የሚሰጥ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ይህ ክርክር በቅርቡ በራችን ድረስ መጥቶ ነበር። ግዛቲቱ ወደ ሦስት ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የበጀት ጉድለት በገጠማት በ2025 መጀመሪያ ላይ አገረ ገዢው ዌስ ሙር በዝርዝር የሚቀርቡ ተቀናሾች ከግዛቱ የገቢ ግብር ላይ እንዲቀሩና መደበኛው ተቀናሽ በእጥፍ እንዲያድግ ሐሳብ አቀረቡ። የግዛቱ ሕግ አውጪዎች ከተከራከሩ በኋላ ተቀናሾቹን አላስቀሩም፤ ገቢያቸው ከ200,000 ዶላር በላይ ለሆነ ሰዎች ግን እየቀነሱ እንዲሄዱ አደረጉ። እኔ የአገረ ገዢው ሐሳብ ይበልጥ ይሻል ነበር እላለሁ፤ ምክንያቱም መደበኛው ተቀናሽ ሲያድግ ተከራዩም፣ ታክሲ ነጂውም፣ በጥሬ ገንዘብ ቤት የገዛውም እኩል ይጠቀማሉ። ሆኖም የተወሰደውም መንገድ ትክክለኛው አቅጣጫ ነው።

በፌዴራል ደረጃ እንዲሆን የምፈልገውን በግልጽ ልናገር። በመጀመሪያ ለሁለተኛ ቤትና ለጀልባ የሚሰጠው ቅናሽ ይቅር፤ ይህን ለመከላከል የሚበቃ ምክንያት ከማንም አልሰማሁም። ቀጥሎ የ750,000 ዶላሩ ጣሪያ ለአዲስ ብድሮች በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይውረድ፣ አስቀድሞ የተበደረው ሰው ግን በፈረመበት ሕግ ይቆይ። ከዚህ የሚገኘው ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዙ ሰዎች፣ ገቢያቸው እየታየ፣ ክሎዚንግ ላይ፣ ማለትም የቤቱ ግዢ ተፈርሞ በሚጠናቀቅበት ዕለት፣ ለቅድሚያ ክፍያ እንዲውል ይመደብ። በ2009 ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢዎች እስከ 8,000 ዶላር የሚደርስ ክሬዲት ተሰጥቶ ስለነበር አሠራሩ ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ የያኔው ጉድለት ገንዘቡ ለብዙዎች ከግዢው በኋላ መድረሱ ነበር። ከተረፈውም ለኪራይ እርዳታ ይሂድ፤ ዛሬ ለፌዴራል የኪራይ እርዳታ ብቁ ከሆኑት አራት ቤተሰቦች የሚያገኘው አንዱ ብቻ ነው፣ ከቀሩት ብዙዎቹ በተራ መጠበቂያ መዝገብ ላይ ናቸው ወይም መዝገቡ ተዘግቶባቸዋል። በሚቀጥለው ምርጫ ድምፃችንን የሚጠይቁን እጩዎች የከተማ ስብሰባ ሲጠሩ፣ ስለ ቪዛና ስለ አገር ቤት ጉዳይ ከምናነሳቸው ጥያቄዎች ጎን ለጎን ይህንንም እንድንጠይቃቸው እፈልጋለሁ።